የሪዮ ቲቢዮን ዋሻ መጀመሪያ ያለፈው ሰው

ኤሌውቴሪዮ አንጉሎ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ግራውን ደረቱ ላይ ለጠፈና ማለ።

«እመቤታችን ትመስክርብኝ! አሁን ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች፣ ይሄ ሐዲድ እባብ ሆኖ ይንደፈኝ። የጨመርኩት የለም። እንዲያውም አታምኑኝም ብዬ ፈርቼ ግማሹን ቀንሼላችኋለሁ።»

«ግማሹም ቢሆን እስኪመሽ ያቆየናል!» አለ ሐርሊን፣ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ መድረክ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አውካካ።

በቴዮ መሳቅ ለሪዮ ቲቢዮ ሰው የቆየ ልማድ ነው። ቴዮ የሚሉትም ኤሌውቴሪዮ ቢረዝምባቸው ነው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁ የሦስት ሰው፣ ሆዱ የሁለት። ዓሣ ያጠመደ ዕለት የወንዙ ውሃ አንድ ክንድ ይጎድላል፤ ጉንፋን የያዘው ዕለት ቄሱ ሳይጠሩ ይመጣሉ። የዛሬው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ሰው ሲስቅ አብሮ እየሳቀ መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር፤ ይህንንም የሚያውቁት እሱና ሱሪው ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ በካርሜኗ እመቤት በዓል፣ የእመቤታችን ምስል ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ባቡር መሄድ ባቆመበት ሐዲድ ላይ በጋሪ ትሄዳለች፤ ዋሻውን አልፋ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ባርካ ትመለሳለች። ጋሪዋ እንደ ከተማው ጋሪዎች ሁሉ ሳንቃና አራት ኩሽኔታ ናት፤ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ በቀርከሃ ይገፋታል። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የገፉላት የመጨረሻው ባቡር ፍሬን ያዥ የነበሩት ዶን ሴሌዶንዮ ነበሩ። እሳቸው በየካቲት አረፉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን አቡንዲዮ ሦስት ሳምንት ሲያስቡ ሰንብተው፣ «ባቡሩ ከቀረ በኋላ ዋሻውን መጀመሪያ ያለፈ ሰው ይግፋት። መንገዱን የከፈተልን እሱ ነውና» ብለው ፈረዱ። እንዲህ ያለ ሰው ካልተገኘ ደግሞ ዕድሉ ለሐርሊን ይሆናል፤ ሐርሊን ሞተር ብስክሌቱን ከጋሪ ጋር አሥሮ ሰው የሚያመላልስ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው።

«እመቤታችንን በቤንዚን!» ቴዮ ይህን ሲሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፤ እሱ እንደሚለው ሁለት ሳምንት። የሚያንገበግበው ግን ቤንዚኑ አልነበረም። ሰው በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ሳይሳቅበት በሕዝብ መሀል ማለፍ ይፈልጋል። ከእመቤታችን ጋሪ ኋላ ቀርከሃ ይዞ በቆመ ሰው ደግሞ ማንም አይስቅም።

«በል ቴዮ፣ ከመጀመሪያው ጀምር» አሉት ዶን አቡንዲዮ፣ መዝገባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው። «ሲሆን ሲሆን ደግሞ አሳጥረው።»

ቴዮ ጉሮሮውን ጠረገ።

ባቡሩ የቀረው ቴዮ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ነበር። ይቀራል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። አንድ ሰኞ አልመጣም፤ ማክሰኞም አልመጣም። የጣቢያው ኃላፊ ኮፍያውን ደፍቶ፣ አረንጓዴ ባንዲራውን ጠቅልሎ፣ በየቀኑ በሰዓቱ መድረኩ ላይ እየቆመ ሦስት ሳምንት ጠበቀ። በአራተኛው ሳምንት ኮፍያው ውስጥ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት፤ እሱም ዶሮዋን ከማስነሳት ኮፍያውን መተው መረጠ።

ለከተማው ሰው መንገድ ተዘጋ። ለቴዮና ለኔሪዳ ኩዌሮ ግን ያኔ ነበር የተከፈተላቸው። ኔሪዳ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነች፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ልጅ በፊት ዛፍ ጫፍ የምትደርስ። የመጀመሪያ ቀን እስከ ውሃ ጋኑ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ውሃ ጋኑን አልፈው፣ ከሐዲዱ ወጥቶ የተጋደመ ፉርጎ አገኙ፤ ከወለሉ መሀል ዛፍ በቅሎ በጣሪያው ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት ቀርተው የዋሉበትን ቀን የሚቆጥር አልነበረም። ቴዮ ሲናገር አራት መቶ ቀን ይለዋል።

ባዶ የነበረው የቲኬት መሸጫ ተርብ ሰፍሮበት ነበር። እነሱ ግን ተርቡን በጭስ አባርረው፣ ሳይሸጡ የቀሩትን ቲኬቶች አወጡ። ኔሪዳ መስኮቱ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ቴዮ ከውጭ ይሰለፋል፣ ብቻውን።

«ወዴት ነው ጌታዬ?»

«ወደ ወደቡ፣ አንደኛ ማዕረግ።»

«አንደኛ ማዕረግ አልቋል። በአንተ ሆድ ሁለት ቲኬት ትቆርጣለህ።»

ያኔም ሆድ ነበረው ማለት ነው።

በሐዲዱ ዳርና ዳር ደግሞ ማንም ያልተከለው ዘይቱን በቅሏል። ተሳፋሪ በመስኮት የተፋው ፍሬ ነው። ባቡሩ በሚያቃስትበት ዳገት ላይ ዘይቱኑ ጫካ ይሆናል፤ በሚፈጥንበት ሜዳ ላይ ይሳሳል። ዛፎቹን ብቻ አይቶ ባቡሩ የት የት ቦታ ላይ እንደተነፈሰ ማወቅ ይቻል ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሐዲዱን ስታሞቀው ሁለቱም ባዶ እግራቸውን ያሳርፉበታል፤ ከእንጨቱ የአሮጌ ዘይት ሽታ ይነሳል፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ደግሞ ይብሳል። ኔሪዳ ተንበርክካ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ታስጠጋለች።

«ዝም በል፤ ይመጣል» ትለዋለች።

ቴዮም ዝም ይላል። በሕይወቱ ዝም ያለባቸው ሰዓቶች ቢደመሩ፣ ሁሉም እዚያ ሐዲድ ላይ ያለፉ ናቸው።

«ዋሻው ጋ ድረስልና፣ አጎቴ!» አለ ሐርሊን።

«እየደረስኩ ነው፤ ሞተር የለኝም!»

ዋሻው ከከተማው በላይ ካለው ተራራ ሥር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አሥራ አምስት ደቂቃ ያስኬዳል። ባቡሩ ከቀረ በኋላ ተራራው አንድ ሌሊት ጮኸና ሰው ዋሻው ተንዷል አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሞከረው አልነበረም። ማዶ ያለ ዘመዱን የናፈቀ ሰው በተራራው ዞሮ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይደርስ ነበር። በዚያ ጊዜ ደግሞ ከተማው ጋሪ መሥራት ጀምሯል፤ ከጋሪው ጋርም ሕግ ወጥቷል። መስመሩ አንድ ነው። ከወዲህ የሚሄድና ከወዲያ የሚመጣ ሲገናኙ፣ ሰው ያነሰው ወርዶ ጋሪውን ከሐዲዱ ያነሳል፤ የበዛው ያልፋል። ሀብታም የለ፣ ፖሊስ የለ፣ ሁሉም ይወርዳል። እመቤታችን ብቻ አትወርድም፤ እሷ ለብቻዋ ከሺህ ሰው ትከብዳለች። ስለዚህ የሪዮ ቲቢዮ ሰው በሐዲድ ላይ «እንደምን ዋላችሁ» ከማለቱ በፊት «ስንት ናችሁ?» ይላል።

«ወደ ዋሻው የሄድኩ ቀን ኔሪዳ በወባ ተኝታ ነበር» አለ ቴዮ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ማለት የሁለት ሰው ያህል። «ልሰናበታት ሄድኩ። እጄን ይዛ እያለቀሰች፣ ‹ቴዮ፣ አትግባ። ሪዮ ቲቢዮ ያላንተ ምን ይውጣታል?› አለችኝ።»

«ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር ማለት ነው!» አለ ሐርሊን።

ሰው ሲስቅ ዶን አቡንዲዮ እስክሪብቷቸውን አነሱ። «ምስክር አለህ?»

«እሷው ናታ! ግን ምን ያደርጋል፣ ካሊ ከተማ ከገባች ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ። ብትኖር ኖሮ እዚህ ቆማ በመስቀል ትምልልኝ ነበር።»

«አጎቴ፣ ያንተ ምስክር ሁሉ ወይ ካሊ ነው ወይ መቃብር።»

በዚህ መሀል ከማዶ የመጣች ጋሪ መድረኩ ጥግ ቆመች። አንዲት ጠና ያለች ሴት ወረደች፤ ጃንጥላዋን አጥፋ ከሰው ኋላ፣ ቲኬት ይሸጥበት ከነበረው መስኮት ሥር ተቀመጠች። ቴዮ ጀርባውን ሰጥቷት ነበርና አላያትም። ቢያያትም በዚያ ሰዓት ዓይኑ የሚያየው ዋሻውን ብቻ ነበር።

«ገባሁ» አለ። «ጨለማው እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ? እጄን ፊቴ ላይ ባመጣው እጄን አጣሁት። ፊቴን ልዳስስ ብል እሱንም አጣሁት። የሌሊት ወፎቹ ዶሮ ያክላሉ…»

«ጫጩት በል!»

«አውራ ዶሮ! ኩኩሉ ብቻ ነው የቀራቸው። ቀርከሃዬን እየገፋሁ መሀሉ ላይ ስደርስ ከፊቴ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ‹ስንት ናችሁ?› ብዬ ጮህኩ። ከወዲያ አንድ ድምፅ፣ ‹አሥራ ሁለት ነን!› አለኝ። ‹እኔ አንድ ነኝ፤ ግን እንደ ዘጠኝ እቆጠራለሁ› አልኩት። ‹ዘጠኝም ከአሥራ ሁለት ያንሳል› አለኝ።»

«እውነቱን ነው» አለች አንዲት ሙዝ ጠባሽ፣ እንዲሁ ሳታስበው።

«እውነቱን ነው! ወረድኩ። ጋሪዬን በአንድ እጄ አንስቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። አሁን ያልፋሉ ስል ምን ያልፋል? ባቡሩ!»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

«ባቡሩ ራሱ። መብራቱ በርቶ፣ መስኮቶቹ ተከፍተው፣ ቀስ እያለ። ከቅርብ ነው ያለፈኝ፤ ሙቀቱ ፊቴን ነክቶኛል። የአስተማሪ ሌዎኒላን ነጭ ኮፍያ አየሁ። ነፍሱን ይማርና አያቴን አየሁ፤ ያ አንድ ዓይና አውራ ዶሮው ጭኑ ላይ ተቀምጧል። ቅርጫት የተሸከሙት የማዶ ሴቶች ነበሩ፤ ሽታው ሁሉ ትዝ ይለኛል፣ ዓሣና ዘይቱን። ልጆች ፍሬ ይተፋሉ። አንዱ ትከሻዬን መታኝ። ‹ወዴት ነው?› ብዬ ጮህኩ። አያቴ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ ‹ይሄ መስመር ወዴት ይሄዳል ደግሞ? ወደ ቤት ነዋ› አለኝ። ከዚያ የኋላው ቀይ መብራት ራቀ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ጋሪዬን መለስኩ፤ ገፋሁ፤ በማዶ በኩል ወጣሁ።»

መድረኩ ጸጥ አለ። ሙዝ ጠባሿ በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አወለቀ። ሐርሊን እንኳ፣ ለቀልድ ከፍቶት የነበረውን አፉን መልሶ ዘጋ፤ የአስተማሪ ሌዎኒላ የልጅ ልጅ ነው።

ቴዮ ዙሪያውን አየ። የሚስቅ ሰው የለም። አንድም። በሃምሳ አራት ዓመቱ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው፤ ምን እንደሚደረግበት ስላላወቀ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዶን አቡንዲዮ መነጽራቸውን ወለወሉ፣ መዝገቡን ገለጡ፣ «ኤሌውቴሪዮ» ብለው መጻፍ ጀመሩ።

«ዶን አቡንዲዮ፣ ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ።»

ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም። ሰው ዞረ። ጃንጥላ የያዘችው ሴት ከመስኮቱ ሥር ተነስታ ነበር። ቴዮ ዞሮ ገና ዓይኗን ሲያይ አወቃት።

«ኔሪዳ» አለ፤ በአንድ ሰው ድምፅ።

«እንዴት ነህ ቴዮ? ለበዓሉ ብዬ ሐሙስ ነው የመጣሁት፤ አክስቴ ቤት ማዶ ነኝ።» ከዚያ ወደ ዶን አቡንዲዮ ዞረች። «በእመቤታችን ነገር ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። ያን ቀን ወባ አልነበረኝም።»

«እንዴት?» አሉ ዶን አቡንዲዮ።

«ቀድሜው ዋሻው ውስጥ ገብቼ ነበር። እሱ ኋላ ደረሰ፤ ከደጅ ሆኖ ‹ስንት ናችሁ?› ብሎ ሲጣራ ሰማሁት። ልቀልድበት ብዬ ድምፄን አወፍሬ፣ ‹አሥራ ሁለት ነን› አልኩት።»

ቴዮ መሬት መሬት እያየ ነበር።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለች ኔሪዳ። «እሱም ብቻውን ነበርና ሕጉን አክብሮ ወረደ፤ ጋሪውን ከሐዲዱ አነሳ። እኔ ገፍቼ በማዶ ወጣሁ፤ እዚያው ምሳ በላሁ። ስመለስ አመሻሽ ነበር፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጋሪውን ሣሩ ላይ እንዳደረገ እዚያው ቆሟል። ‹አሥራ ሁለቱ ገና አላለፉም› አለኝ።»

ዶን አቡንዲዮ እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሱ።

«ስለዚህ ዋሻውን መጀመሪያ ያለፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ቴዮ ግን ትንሽ እንኳ ወደ ውስጥ…»

«አልገባም» አለች ኔሪዳ በቀስታ። «ሲጠብቅ ነበር።»