እስከ መቼ ትጠጣለህ?

«ይምላል ብለናል!» አሉ ጋሽ ገብረወልድ፣ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ወደ ጋራዡ እየገቡ።

ዘገዬ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። አጎቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ሙሉአለምን ለጋብቻ ሊጠይቁለት ወለንጪቲ ሄደው ነበር። ፊታቸው ላይ ካለው ደስታ እንደተሳካላቸው ገባው።

«ምን ብዬ ነው የምምለው?»

«ከሰርጉ ቀን ጀምሮ ያንን የክሊኒክ መድኃኒት ላትቀምስ። አባቷ አቶ ሰንበታ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጥሎሹን እንኳ ይቅር ብለዋል።»

«እናንተስ ምን አላችሁ?»

«ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እምቢ ይላል እንዴ? እሺ አልና!»

ከሚጠግነው ላንድሮቨር ሥር የሥራ ባልደረባው የቡዜ ድምፅ ተሰማ። «ጓድ ሙሽራ፣ ማልና ተገላገል! እኔ ሲጋራ ላቆም ስንቴ ምያለሁ።»

ዘገዬ አልሳቀም። ኦጋዴን ላይ ጭኑን ተመቶ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ለሕመሙ ሞርፊን ሲወጋ ከርሞ ነበር። ቁስሉ ቢድንም ሞርፊኑ አልለቀቀውም። ናዝሬት ተመልሶ መርፌውን በድብቅ ሲገዛ ደመወዙም የቤት ዕቃውም አለቀ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሜታዶን አስጀመረው። ይህም በየጠዋቱ ክሊኒክ ሄዶ ነርሷ ፊት የሚጠጣው ፈሳሽ ነው። አያሰክረውም፤ የመርፌውን ጥማት ግን ያስታግስለታል። የእጁ መንቀጥቀጥ ቆመ፤ ወደ ብየዳው ተመለሰ። ሙሉአለምንም ያወቃት የአባቷን የወፍጮ ዘንግ ልታስበይድ ስትመጣ ነው። ሁሉንም ነግሯታል።

«ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ» አለ።

ጋሽ ገብረወልድ ደነገጡ። «አማትህን? ከሰርግ በፊት? ነውር ነው!»

«ዋሽቶ መማሉ ይብሳል፣ ጋሼ።»

ወለንጪቲ ሲደርስ የወፍጮ ቤቱ ሞተር ይጮኻል። አቶ ሰንበታ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል።

«አካም፣ ሙሽራው! ምነው፣ ሽማግሌ አለቀብህ?»

«ጋሼ፣ አልምልም።»

በትክክል የሰሙ ስላልመሰላቸው ሞተሩን አጠፉት። ከነጆንያቸው ወረፋ የያዙት ሴቶች ወደ እነሱ ዞሩ።

«ልጄን ተውኳት ነው የምትለኝ?»

«እሷን አልተውኩም። የማልተወው መድኃኒቱን ነው።»

«ክራንች የያዘ ሰው እንኳ አጥንቱ ሲጠግን ይጥለዋል። አንተ እስከ መቼ ትጠጣለህ?»

«እስካስፈለገኝ ድረስ። ምናልባት ዕድሜዬን ሙሉ ይሆናል። ሐኪሙ የሚተዉት አሉ፣ የማይተዉትም አሉ፤ ሰው ስላስቸኮለህ ግን አትተው ብሎኛል። ባለፈው ሰው ሰምቼ ተውኩት። ወር ሳይሞላ ወደ መርፌው ተመለስኩ።»

«ሰንበታ ልጁን ለሱሰኛ ዳረ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«በየቀኑ ሥራው ላይ ላለ ሰው ነው የዳርኳት ይበሉ። ዛሬ ብምልልዎ እርስዎ ደስ ይልዎታል። ነገ የሚብሰው ግን በልጅዎ ላይ ነው።»

 

ሙሉአለም ወንፊት እንደያዘች ከጓሮ ብቅ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባባ፣ እኔ የማውቀው እየጠጣ ያለውን ዘገዬን ነው። መርፌ የሚወጋውን አላውቀውም። እሱን አታምጣብኝ።»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«የሚዳረው ማን ሆነና!»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። አቶ ሰንበታ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያም ዘገዬን ከእግር እስከ ራሱ። ከቅንድባቸው ላይ ዱቄቱን በመዳፋቸው ጠረጉ። 

«ሰርጉ እሑድ ነው። እሑድም ይከፈታል፣ ያ ክሊኒክ?»

«ተረኛ ነርስ አለች። ሦስት ሰዓት ላይ ትገባለች።»

«ለነገብረወልድ ሙሽራው በሁለት ሰዓት ይድረስ ብያቸው ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ይሁን ብሏል በላቸው።» የሞተሩን ማስነሻ ያዙና ዞር ብለው ጨመሩ። «ሳትጠጣ ግን እንዳትመጣብኝ።»