የአራባ ኦቱዋ ምድጃ

በባሕር ዳርቻዋ የዓሣ አጥማጆች መንደር በኤንሱኖ፣ ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ነው፤ ማንም ታንኳ አያወጣም። ወንዶቹ መረብ ይጠግናሉ፣ ሴቶቹ ሰው ያማሉ። የወረዳው ቅርስ መዝጋቢ ሚስተር አንሳ ይህን ስለሚያውቅ የመጣው ማክሰኞ ነበር። ሥራ የፈታ ሰው ብዙ ያወራል፤ ለመዝጋቢ ደግሞ ወሬ ሁሉ ቅርስ ነው።

የተመዘገበ ነገር ሁሉ በመንግሥት ይታደሳል የሚል ወሬ ቀድሞት ደርሶ ስለነበር፣ በመንደሩ አዲስ ነገር ጠፋ። አንዱ አምና ያሠራውን ታንኳ ጭቃ ለቅልቆ ከአያቶቼ የወረስኩት ነው አለ። ሌላው የተበሳ በርሜሉን የፖርቱጋሎች መድፍ አደረገው። ሰው ሲቀመጥበት የኖረው የዳርቻ ድንጋይ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሦስት ሦስት ታሪክ ተገኘለት። ሚስተር አንሳም አንዱን ሳያስቀር ጻፈ።

ኤኩዋ ኤሱን ዓሣ በጭስ አድርቃ የምትሸጥ ሴት ናት። ውሸት አመሏ አይደለም። የጎረቤቷ ሽንት ቤት ሲመዘገብ ግን መታገሥ አቃታት። ከሦስት ዓመት በፊት ከባሏ ጋር ጭቃ አቡክታ የሠራችውን ምድጃ እያሳየች፣ የሠራችው ቅድመ አያቴ አራባ ኦቱዋ ናት አለች።

ምስክር ሲጠየቅ የዳርቻው ሽማግሌ ናና ኤቦ ተነሡ። ናና ጂን የሚሉትን አረቄ ባዩ ቁጥር ትዝታቸው ይጠራል። መዝጋቢው ያመጣውን ጠርሙስ ተቀብለው እንደ አገሩ ልማድ ለሟች ጥቂት መሬት ላይ አፈሰሱና ሟቿን በስሟ ጠርተው፣ ምድጃሽ ይኸው፣ መጥተሽ ጠጪ አሏት። የቀረውን እሳቸው ጠጡላት።

በሳምንቱ ምድጃው በሽቦ ታጠረ፤ ሰሌዳም ተተከለ። «ቅርስ ነው፤ እሳት ማንደድ ክልክል ነው» ይላል። ኤኩዋ ክው አለች። ሰርዲን ወደ ዳርቻ የሚቀርበው በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ያን ጊዜ ያላደረቀች ሴት ዓመቱን ሙሉ ለልጆቿ የምታቀርበው የላትም። አዲስ ምድጃ እንዳትሠራ ወቅቱ ዝናብ ስለሆነ ጭቃ አይደርቅም፤ የሌሎቹን ሴቶች እንዳትለምን ለእያንዳንዷ የራሷ ምድጃ እንኳ አይበቃትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ወረዳ ድረስ ሄዳ እውነቱን አፈረጠችው። ሚስተር አንሳ በትሕትና ሰማትና፣ ምድጃው በመጽሐፍ ታትሟል፣ የታተመ ነገር ደግሞ ውሸት ሊሆን አይችልም ብሎ ሸኛት። ከዚያ ናና ኤቦ ዘንድ ሄደች።

«ሙት ጠርቼ አጠጥቻለሁ» አሏት ናና። «አሁን ደግሞ ተሳስተን ነው፣ ምድጃው ያንቺ አይደለም ልበላት? የምትወስደው እኮ እኔን ነው።»

«ልጆቼስ፣ ናና?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ልጄ።»

ሰርዲኑ በዚያ ዓመት ቀድሞ መጣ። ረቡዕ ጠዋት ታንኳዎቹ ጢም ብለው ገቡ። ሚስተር አንሳም በዚያው ጠዋት ከከተማ እንግዶች ይዞ ደረሰ፤ ዳርቻውን ሊያስጎበኝ። ከሩቅ ጭስ ሲያይ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሮጠ። ኤኩዋ ሽቦውን ቆርጣ፣ ዓሣዋን ደርድራ፣ እሳቷን አቀጣጥላ ቁጭ ብላለች። ናና ኤቦም ምርኩዛቸውን ይዘው ከኋላ ደረሱ።

ሚስተር አንሳ እሳቱን እንድታጠፋ አዘዛት። ኤኩዋ ወደ ናና ዞረች።

«ናና፣ ይህ ምድጃ የማን ነው?»

ናና ዙሪያቸውን አዩ። እንግዶቹ ያዩዋቸዋል፤ የዳርቻው ሴቶች በሙሉ ያዩዋቸዋል።

«የአራባ ኦቱዋ» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ።

«እርስዎ ነዎት ጠርተው ያጠጧት። የጠጣ ሰው ደግሞ ይርበዋል። ዛሬ እሳት ያነደደችው እሷ ናት፤ እኔ ማገዶ አቀባይ ነኝ። የሟች እሳት ይጥፋ ካሉ እርስዎ ያጥፉት።»

ናና ምርኩዛቸውን ወደ እሳቱ አላስጠጉም። ለመዝጋቢው ቀስ ብለው፣ በዚህ አገር የሟች እሳት ያጠፋ ሰው ሳምንት አይቆይም አሉት። ሚስተር አንሳ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ደብተሩን አወጣና ጭሱን ጥንታዊ ብሎ መዘገበው። እንግዶቹ ጭሱ ገብቶባቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ ቅርሱ ልባቸውን ነክቶት አለቀሱ ብሎ ጨመረበት።

ሁሉም ሲሄዱ ኤኩዋ ዓሣውን እያገላበጠች ብቻዋን ቀረች። ደስ ብሏታል፤ አፍራለችም። አራባ ኦቱዋ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ነጋዴ ነበረች፤ የዓሣ ሽታ ስለማትወድ በዚህ ዳርቻ አታልፍም ነበር ይባላል። ኤኩዋ ከሁሉ ትልቁን ሰርዲን በቅጠል ላይ ለብቻው አስቀመጠችላት።

«ይቅር በይኝ፣ አያቴ» አለች ዝቅ ብላ። «ሰርዲኑ እስኪያልፍ ብቻ አፍንጫሽን ያዢልኝ።»