የጠመኔው መስቀል

ጎድሊቭ ለሰፈሩ ስብሰባ አንድ ቀን እግሯን አንስታ አታውቅም። ሰው ጥቅም ካላየበት ጠጠር አያነሳም ብላ የምታምን ሴት ናት። ስለዚህ ጎረቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱም የበኩሉን ጨምሮ፣ አደባባዩን ነዋሪው ራሱ ሊያድሰው መሆኑን ስትሰማ «እኔን ሊያስነሱኝ ነው» አለች። ያለችው ግን ለድንች መጥበሻዋ ነው እንጂ ለሰው አይደለም።

አደባባዩ ጥግ ላይ የቆመችው ባለጎማ የድንች ጥብስ ሱቋ ከባሏ ሞት ወዲህ የቀረቻት እንጀራዋ ናት። ከዚያ ጥግ ብትነሳ በዚህ ዕድሜዋ ቤልጂየም፣ ጌንት ከተማ ውስጥ ማን ሌላ ቦታ ይሰጣታል? እንቅልፍ የነሳት ይኼ ነው።

ሥራውን የምታስተባብረው ኔለ የምትባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበረች። ጥብስ በገዛች ቁጥር ታግባባታለች።

«እትዬ ጎድሊቭ፣ ማክሰኞ ስብሰባ አለን። ብቅ ቢሉ ደስ ይለናል።»

«ድንቹን ማን ይጠብስልኛል?»

«ማክሰኞ እኮ ዝግ ነዎት።»

«ዝግ መሆኔን ማን ነገረሽ?»

መስኮቱ ላይ በትልቁ ጽፋ የለጠፈችው ራሷ ናት። ቢሆንም የሚሰልሏት መሰላት። በበሯ ሥር የሚጥሉላትን የስብሰባ ወረቀትም ሳታነበው ዘይት ትጠርግበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቶቿ ጠመኔ ይዘው ወጡ። ዛፉ የሚተከልበትን፣ አግዳሚ ወንበሩ የሚቀመጥበትን የአደባባዩ ድንጋይ ንጣፍ ላይ በልኩ አሰመሩ። ከሱቋ ፊት ለፊት ደግሞ አራት ትልልቅ መስቀሎች ሠሩ። ኔለ በሜትር ለካች፣ ሱቋን አየች፣ ለአንዲት ጎረቤት አንሾካሾከችና ሁለቱም ወደ ጎድሊቭ ዞረው ፈገግ አሉ። ከመስቀሉ ይልቅ ያቃጠላት ፈገግታው ነው።

ከአደባባዩ ማዶ የአኺል ቢራ ቤት አለ። አኺል ደጁ ላይ የተከለው ትልቅ ጃንጥላ በነፋስ ተነቅሎ የሱቋን መስኮት ከሰበረ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም። ጎድሊቭ ነፋሱ ብቻውን ያደረገው ነው ብላ አታምንም።

እሁድ ገና ሲነጋ ባልዲ ሙቅ ውሃና መጥረጊያ ይዛ ወጣች። አራቱንም መስቀሎች ፈግፍጋ አጠፋችና ሄዳ አኺል ደጃፍ ላይ አሰመረቻቸው። የሚነሳ ካለ እሱ ይነሳ። ስትጣደፍ አንደኛው መስቀል ተንሻፈፈ። ቀና ስትል አንድ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ያየች መሰላት።

ሳምንቱን ሙሉ ለጠብ ተዘጋጅታ ጠበቀች። ማንም ምንም አላላትም። እንዲያውም አንዲት ጎረቤቷ ማዮኔዙን ስትቀበል እጇን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ልብዎ ትልቅ ነው» አለቻት። ጎድሊቭ ያን ቀን በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፈች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤቶቿ አካፋ ይዘው መጥተው አኺል ደጃፍ ላይ አራት ጉድጓድ ቆፈሩ። ጎድሊቭ ደስ ብሏት ታያለች። ምሰሶ ቆመ። ከምሰሶው በላይ ሰፊ የእንጨት ጣሪያ ወጣ። ይኼኔ ደሟ ፈላ፤ የመጥበሻ ማንኪያዋን እንደያዘች አደባባዩን አቋረጠች።

«ሰው ባዋጣው ገንዘብ ለቢራ ሻጭ ጣሪያ?»

ኔለ ግራ ገባት። «የእርስዎ ነው እኮ። ደንበኞችዎ ዝናብ ላይ እንዳይሰለፉ ብለን ነው። መጀመሪያ እርስዎ ጋ ነበር ያሰመርነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን አመጣው?»

«እርስዎ አዛወሩታ! ወረቀቱ ላይ የጻፍነው ደንባችን ነው፤ ጠመኔው ሳምንት ይቆያል፣ ያልተስማማው አጥፍቶ የሚፈልገው ቦታ ላይ ያሰምራል። ያን እሁድ ጠዋት በመስኮት አየንዎት። ከአኺል ሊታረቁ፣ ጣሪያውን ሊያካፍሉት መስሎን… እኔማ አለቀስኩ።»

ጎድሊቭ ማንኪያዋን ከጀርባዋ ደበቀችው። እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ደንበኞቿ ጥብሳቸውን እየተቀበሉ ወደ ማዶ ሮጡ፤ በእሷ ጣሪያ ሥር ቆመው የአኺልን ቢራ ጠጡ። ብቻዋን በመስኮቷ ስታያቸው ቆየችና ወጥታ የሱቋን ጎማዎች አጎንብሳ ነካቻቸው። ከተነፈሱ ቆይተዋል፤ ግን ይነፋሉ። የቸገራት የጎማው ነገር አይደለም። ሱቋን አኺል ደጃፍ ላይ ለማቆም አኺልን መጠየቅ አለባት።

ትኩስ ጥብስ ሞላች፣ ማዮኔዝ ደረበችበት፣ በዝናቡ ተሻግራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት።

አኺል ጥብሱን አየ። እሷን አየ። እጁን ሳይዘረጋ «ምን ጨምረሽበት ነው?» አላት።

ጎድሊቭ አንዱን ድንች አንስታ ራሷ ጎረሰችው።