ጥገኛ የለኝም

ታቢታ ለደመወዝ ጥናቱ በተጠየቀችበት ቀን ኩራት ተሰምቷት ነበር። ከስልሳ ተጠያቂዎች አንዷ ሆና መመረጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሐዋሳ ባለው በዚያ የሸሚዝ ፋብሪካ ከሺህ በላይ ሴቶች ይሰፋሉ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን «እንዴት ነው የምትኖሩት?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል የሚል ቃል በሕጉ ላይ ከሰፈረ ቆይቷል። ቦርዱ ሲጠበቅ ሲጠበቅ የሠራተኛ ማኅበሩ ታከተውና ከፋብሪካው ጋር ተነጋግሮ፣ እሱ እስኪመጣ ለራሳችን የደመወዝ ወለል እንቁረጥ ተባባሉ። ወለሉ የሚቆረጠው በጥናት ነው ተባለ። አንዲት ሠራተኛ በወር ለመኖር ስንት ያስፈልጋታል? ይኸው ነበር ጥያቄው፤ መልሱም የሚወሰደው ከራሳቸው አፍ ነው። ሁሉም ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ታቢታም አብራ ደስ አላት።

እሷ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ምክንያት ነበራት። ታቢታ የአምስት ዓመት ልጅ አለቻት። ሩሀማ ትባላለች፤ ከይርጋለም ወዲያ ገጠር ውስጥ ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። ይህንን ሐዋሳ ውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም። አንድ ክፍል አብረዋት የተከራዩት ሦስት ልጆች አያውቁም፤ እሑድ እሑድ በአንድ ረድፍ ቆመው የሚዘምሩት መዘምራንም አያውቁም። ለቤተ ክርስቲያኑ ታቢታ ያላገባች፣ ድምጿ ያማረ፣ ለታናናሾቿ ምሳሌ የምትሆን እህት ናት። ሰው እንዲህ ያለ ስም ውስጥ አንዴ ከገባ መውጫው ይጠፋዋል።

የምትፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የራሷን ክፍል ተከራይታ ልጇን ማምጣት። ለሚጠይቅ ሰው «የእህቴ ልጅ ናት» ትላለች፤ የከተማ ሰው ከዚያ በላይ አይመረምርም። ደመወዟ ግን ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ነው፤ ትንሿ ክፍል ብቻዋን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ትጠይቃለች። ለወለሉ ሰው ሁሉ አራት ሺህ፣ አምስት ሺህ እያለ ሲያወራ ስትሰማ ጊዜ ለሩሀማ በስልክ ቃል ገባችላት። «ለፍቼ እወስድሻለሁ፤ ጉዱማሌ አብረን እንሄዳለን» አለቻት፤ ፍቼ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ጉዱማሌም በዓሉ የሚከበርበት የሐዋሳ ሜዳ። ሩሀማ ደግሞ የተገባላትን ቃል የምትረሳ ልጅ አይደለችም።

ጥናቱን የያዘው ፊልሞን የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በምሳ ሰዓት ታብሌቱን ይዞ ካፍቴሪያው ጥግ ተቀመጠና አንድ በአንድ ይጠራቸው ጀመር። ክፉ ልጅ አልነበረም። እንዲያውም ጥያቄውን ሁሉ በይቅርታ ነበር የሚጀምረው።

«በቀን ስንት ጊዜ ትመገቢያለሽ፣ እህቴ?»

እውነቱን ለመናገር ፋብሪካው ከሚሰጣት ምሳ ሌላ የምትበላው ሲገኝ ነው። ታቢታ ግን፣ «ሦስቴ፣ ጌታ ይመስገን» አለች። ውሸት አልመሰላትም። እሷ ባደገችበት ጉባኤ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመሰክረው ስለተሞላለት ነገር እንጂ ስለጎደለበት አይደለም። የጎደለውን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ምስጋና ቢስነት ነው።

«ከቤተሰብ የሚመጣልሽ ነገር አለ?»

«እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ቆጮ ትልክልኛለች። አንዳንዴም ቅቤ።» ይህንንማ ቀና ብላ ነው የተናገረችው። እናት አላት፣ እናቷም እንሰት አላት፤ የወደቀች ልጅ አይደለችም።

«የቤት ኪራይ?»

«አራት ስለሆንን ስድስት መቶ ነው የሚደርሰኝ። አይከብድም።»

«የምትረጃቸው ጥገኞች አሉሽ? ልጅ፣ ወንድም፣ እህት?»

ከኋላዋ ተራ ይዛ የቆመችው ኢየሩስ ነበረች፤ የክፍል ጓደኛዋ፣ የመዝሙርም ጓደኛዋ።

«ጥገኛ የለኝም» አለች ታቢታ።

ፊልሞን ታብሌቱን አንዴ ነካ አደረገና ዜሮ አስገባ። ይኸው ነው፤ ልጅ ለመካድ የወሰደባት ጊዜ ይህን ያህል ነበር። ከወንበሩ ስትነሳ ወደ ኢየሩስ ጠጋ ብላ፣ «እንግዳ ፊት አታማርሪ፤ አታዋርጂን» አለቻት። ኢየሩስ አላማረረችም። ከእሷ ቀጥለው የተቀመጡትም አላማረሩም፤ ስልሳውም ሴቶች ተመስገን እያሉ እየመለሱ ተነሱ።

ውጤቱ የተነገረው ፍቼ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሠራተኛው ከሥራ እንደወጣ ካፍቴሪያው ውስጥ ተሰበሰበ። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ሽመልስ ከፊት ተቀመጠ፤ ፊልሞን ደግሞ ጥናቱን ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር አበራው። «አማካይ ሠራተኛ» የምትባል ሴት አገኘን አለ። በቀን ሦስቴ ትበላለች። ለኪራይ ስድስት መቶ ብር ትከፍላለች፤ አይከብዳትም። ከቤተሰብ የሚላክላት ምግብ በገበያ ዋጋ ተተምኖ ከወጪዋ ተቀንሷል። ጥገኛ የላትም። ስለዚህ በወር የሚያስፈልጋት ሁለት ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አምስት ብር ነው።

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ቀጥሎ ከኋላ አንዷ፣ «ጭማሪው ሰማንያ አምስት ብር ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ጉርምርምታው ተነሳ።

«ቁጥሩን እኛ አላመጣነውም» አለ አቶ ሽመልስ። «የእናንተው ቃል ነው።»

ይህን በማለቱ ታቢታ ጠላችው፤ ትክክል ስለነበረ ይበልጥ ጠላችው። እናቷ በጀርባዋ አዝላ መናኸሪያ ድረስ የምታደርሰው ቆጮ ለፋብሪካው ድጎማ ሆኖ አረፈው። ምስጋናዋን በብር ተምነው ከደመወዟ ላይ ቀነሱት። ግድግዳው ላይ ያለችውን አማካይ ሠራተኛ አየቻት፤ ጠግባ የምታድር፣ ኪራይ የማይከብዳት፣ ልጅ የሌላት። ፈጥራ የሰጠቻቸው ራሷ ናት። ከዚያ ሩሀማ ትዝ አለቻትና ሳታስበው ተነሳች።

«መምህር፣ የኔ ተሳስቷል።»

«የቱ ነው የተሳሳተው?» አለ ፊልሞን።

«ጥገኛ የሚለው። ልጅ አለችኝ።»

ታቢታ ወደ መዘምራኑ ጓደኞቿ አላየችም፤ ማየት አላስፈለጋትም። አልተቀመጠችምም። አንዴ ከተናገረች የቀሩትም ይነሳሉ ብላ ነበር። ሦስተኛው የስፌት ላይን ላይ የምትሠራው ሶፍያ ሁለት ወንድሞቿን እንደምታስተምር ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል፤ ሌሎችም አሉ።

«በወር ስንት ታወጪላታለሽ?»

«ዘጠኝ መቶ ብር እልካለሁ።»

«ሌላ የሚያርም አለ?» ብሎ ፊልሞን ዙሪያውን ቃኘ። ሶፍያ ጥፍሯን ታያለች። ልጅ ያላት ኮንትራቷ አይታደስም እየተባለ ይወራ ነበር፤ ወሬ ይሁን እውነት የጠየቀ የለም። ማንም አልተነሳም።

ፊልሞን ስልኩን አውጥቶ አሰላ። «ዘጠኝ መቶ ለስልሳ ሲካፈል... አሥራ አምስት ብር ይጨምራል።»

«ለምን ለስልሳ ይካፈላል?» አለች ታቢታ። «ልጄ አንድ ናት። እናቷም እኔ ብቻ ነኝ።»

«አማካይ ነው፣ እህቴ።» አፍሮ ነበር፤ ቀና ብሎ አላያትም። «ጥናቱ የሚሠራው በአማካይ ነው።»

አቶ ሽመልስ ግን ፊቱ በራ። «ሰማንያ አምስቱ መቶ ሞላ። ሁለት ሺህ አምስት መቶ! ለሒሳብ ክፍልም ይመቻል። እህታችን አበርክታለች፤ እስቲ አጨብጭቡላት» አለ። አጨበጨቡላት።

ታቢታ የዚያን ዕለት ወደ ሰርቪሱ ስትሄድ አብሯት የሄደ ሰው አልነበረም። በሩ ጋ ስትደርስ ኢየሩስ ከኋላ መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«እኔም አለኝ» አለች በሹክሹክታ። «ወንድ ነው። ሰባት ዓመቱ።»

«ታዲያ ለምን አልተነሳሽም?»

«አንቺ አይደለሽ አታዋርጂን ያልሽኝ?»

ሰርቪሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፈራቸው ደረሱ።

በሚቀጥለው እሑድ የመዘምራኑ መሪ ለብቻዋ ጠርቶ፣ «እህት ታቢታ፣ ለጊዜው ብታርፊ» አላት። በወሩ መጨረሻ አዲሱ ደመወዝ ገባ። ያቺ አሥራ አምስት ብር ለሺህ ሴቶች ለእያንዳንዳቸው ተከፈለች፤ የላይኑ ልጆች «የታቢታ ልጅ ብር» እያሉ ቀለዱባት። ብሯ ግን አንድ እንቁላል እንኳ አትገዛም።

የፍቼ ዕለት ከተማው ነጭ ለብሶ ወደ ጉዱማሌ ሲጎርፍ ታቢታ ከክፍሏ አልወጣችም። ስልኳ ጠራ፤ እናቷ ነበረች።

«ልጅቷ ከማለዳ ጀምሮ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ምን ልበላት?»

ታቢታ ሳትመልስላት ተነስታ የክፍሉን በር ዘጋች።

«ምነው? የጎደለብሽ ነገር አለ?»

«ምንም፣ ይመስገን» ልትል ነበር። አፏ ለምዶታል። ግን አልወጣላትም፤ ያልተናገረችው ሁሉ በአንዴ መጣ። ራት እንደማትበላ ተናገረች። ኪራዩ እንደሚከብዳት፣ ሩሀማን ማምጣት እንደማትችል፣ ለከርሞም እንደማትችል፣ ከመዘምራን እንደወጣች ነገረቻት። ፊልሞን የጠየቃትን ሁሉ በተራ፣ አንድም ሳታስቀር መለሰች። ይህን ሁሉ የምትሰማት ሴት ግን ገጠር ውስጥ እንሰት የምትፍቅ አሮጊት ናት፤ የማንንም ደመወዝ አትወስንም።

ከበስተጀርባ የሩሀማ ድምፅ፣ «መጣች?» ሲል ይሰማል።

«አይዞሽ ልጄ» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ከነገ ጀምሮ ቆጮውን ጨምሬ እልክልሻለሁ።»