ሰሌዳው ሃያ አንድ ይላል

እኛ ዳር የምንኖርበት ሐይቅ ያለው ወደ ዓለም ሰሜን ጫፍ ነው። የዓመቱን እኩሌታ በረዶ ለብሶ ይተኛል፤ በረዶው ከቀለጠም በኋላ ውሃው ቶሎ አይለዝብም። ፀሐይ አናትህን እየጠበሰችህ እግርህ ይደነዝዛል። ሰው ደፍሮ የሚዋኝባቸው ሳምንታት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሳይጠገቡ ያልቃሉ።

ታላቅ እህቴ እነዚያን ሳምንታት ስትጠብቅ ከረመች። ባለፈው ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ዝሎ ነበር። እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ እጇም ብርጭቆ ማንሳት ጀመረ። ያልተመለሰው ስሜቱ ነው። ግራ ጎኗ የፈላ ቢነካውም አያውቅ፣ በረዶ ቢነካውም አያውቅ። ሐኪሙ፣ "መዋኘት ይጠቅምዎታል፤ ግን ውሃው ከአሥራ ስምንት ዲግሪ በታች ከሆነ እንዳይሞክሩት፣ ልብዎ ይደነግጣል" አላት። ስሜቱስ ይመለሳል ወይ ብትለው፣ "አንዳንዴ ይመለሳል" አላት።

ያቺን "አንዳንዴ" ይዛ ነው የከረመችው። ዕቃ ባጠበች ቁጥር ግራ እጇን ከቀዝቃዛው ቧንቧ ሥር ትደቅንና፣ "ምንም" ትለኛለች። እኔ እሰማታለሁ። ከመስማት ሌላ የማውቀው ሕክምና የለኝም፤ በልቤ ግን ለፈጣሪ ማሳሰቤን አልተውኩም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ መዋኛው ቦታ ሄድን። የቦታው ጠባቂ በየጠዋቱ ውሃው ላይ ከተዘረጋው የእንጨት መድረክ ጫፍ ባልዲ ወደ ሐይቁ ይጥላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ቴርሞሜትሩን ይነክርበትና ያነበበውን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ እስከ ማግስቱ ሰሌዳውን የሚነካው የለም። የዚያን ቀን ሃያ አንድ ይላል።

ሣሩ ላይ ሰው ተጋድሟል፤ ውሃው ውስጥ ግን ማንም የለም። ምሳ በልተው እየተንፈላሰሱ ነው ብዬ አለፍኩት። ከኋላችን ነፋስ እየመጣ ፎጣዬን ነጥቆ ወደ ሐይቁ ሊወስድብኝ ይታገለኛል።

እህቴ የመድረኩን መሰላል ይዛ ግራ እግሯን ነከረች። ወዲያው አወጣችው።

"ይቀዘቅዛል" አለች።

"የትኛው?"

"ግራው።" ፊቷ ሊበራ ሲል መልሶ ጠፋ። "ቆይ፣ ሃያ አንድ ዲግሪ እንዲህ ይቀዘቅዛል እንዴ? ይቆነጥጣል እኮ። ሐኪሙ የታመመ ነርቭ ይዋሻል ያለው ይሄንን ይሆን?"

"በቀኝሽ ሞክሪው እታለም።"

ቀኙን ነከረች። እሱንም ወዲያው አወጣችው።

"እሺ?"

"እሱም በረዶ ነው።" መሰላሉን ለቃ መድረኩ ላይ ቁጭ አለች። "ተሻገረብኝ ማለት ነዋ።"

"ምኑ?"

"ሕመሙ። ወደ ደህናው ጎኔ ተሻገረ።"

ጎንበስ ብዬ እጄን ነከርኩ። አጥንት ዘልቆ የሚገባ ብርድ ነው። ቀለል አለኝና፣ "ኧረ ውሃው ነው፣ ለእኔም ቀዝቃዛ ነው" አልኳት።

"አንተማ ተወኝ። በሙቅ ውሃ እየታጠበ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምስክር ሊሆነኝ?"

እውነቷን ነው። በቤታችን ስሜ ብርዱ ነው፤ በሙቀቱ ወራት ሹራብ የሚለብስ እኔ ብቻ ነኝ። አሁንም ለብሻለሁ። የገዛ እጄን መጠርጠር ጀመርኩ።

ጠባቂውን ጠራሁት። መጥረጊያውን እንደያዘ መጣ።

"ጋሼ፣ ውሃው ሃያ አንድ ነው?"

"ሰሌዳው ላይ አለ አይደል።"

"ቀዘቀዘን እኮ።"

"ፀሐይዋን አታያትም እንዴ ወንድሜ? ጠዋት ሃያ አንድ የነበረ ውሃ በዚህ ፀሐይ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል?"

"እስቲ እጅዎን ይክተቱበት።"

"እኔ?" ፈቀቅ አለ። "እኔ ውሃ እጠብቃለሁ እንጂ ውሃ አልገባም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።"

"ግራ ገብቶን ነው ጋሼ።"

"ግራስ የገባኝ እኔ ነኝ፣ ዓመት ሊሞላኝ ነው" አለች እህቴ። ቀልዱ ከአፏ ወጣ እንጂ ዓይኗ አልሳቀም። ቀኝ እጇን እየከፈተች እየዘጋች ታየዋለች፣ የሰው እጅ ይመስል።

ሰውዬውን ገለል አድርጌ ሕመሟን ነገርኩት። በቀን ሁለቴ ተለክቶ አያውቅም እያለ ቢያጉረመርምም መጥረጊያውን አጋድሞ ባልዲውን ጣለ። ቴርሞሜትሩን ነከረ፣ አወጣ፣ አየው። አራገፈው። መልሶ ነከረው።

"አሥር" አለ። ቆየና፣ "ተበላሽቷል" አለ።

"እሱንም ስትሮክ መታው?" አለች እህቴ።

አሁን ማንን እንመን? ሁለት እግር፣ አንድ ብርዳም፣ አንድ ቴርሞሜትር በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ሰሌዳውና ፀሐይዋ በሌላው። እኔ ብጠየቅ ለፀሐይዋ እፈርድ ነበር።

ጠባቂው እጁን በሱሪው ጠርጎ ሚስቱ ጋ ደወለ። ከሐይቁ ማዶ ባለው መዋኛ ቦታ መጠጥና ብስኩት ትሸጣለች። ድምፅዋ ለሁላችንም ይሰማል።

"አንቺ፣ እዚያ ውሃው እንዴት ነው?"

"ውሃ ጠባቂው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?"

"ዝም ብለሽ ንገሪኝ።"

"ሰው አልወጣም እያለ ነው። ለብ ያለ ነው፤ ሕፃን ይታጠብበታል። ጠዋት እንዲህ አልነበረም። ይልቅ ነፋሱ የናንተን ጉድፍ ሁሉ አምጥቶ እኔ ላይ ከመረው፤ ቅጠሉን፣ ላስቲኩን፣ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ነጠላ ጫማ።"

ጠባቂው ስልኩን ዘጋና ቴርሞሜትሩን ገልብጦ ያየው ጀመር። እህቴ ግን ሐይቁን ትመለከታለች።

"ሾርባ ላይ እፍ ስትል" አለች ቀስ ብላ፣ "ላዩ ወደ ማዶው ጠርዝ ይሸሻል አይደል? ሙቁ ላዩ ብቻ ነበር። ነፋሱ ገፍቶ ወሰደው። ለእኛ የቀረልን የታችኛው ነው።"

ጠባቂው ነፋሱ ወደሚሄድበት ዞሮ ማዶውን አየ። "ይሄን ያህል ዘመን ስጽፍ..." ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

"ስለዚህ ቀኜ ደህና ነው" አለች።

"ደህና ነው" አልኳት። "ተመስገን።"

"ግራዬስ?"

መሰላሉን ይዛ ተነሳች፣ ዓይኗን ጨፈነችና ግራ እግሯን ብቻ ወደ ውሃው ሰደደች። ውሃው እስከ ባቷ ደረሰ።

"ሐኪሙ ከአሥራ ስምንት በታች..." አልኩ።

"መች ዋኘሁ? እግሬ ብቻ ነው።"

"ምን ይልሻል?"

ጎንበስ ብላ በጣቷ አሳየችኝ፤ ከእግር ጣቶቿ እስከ ቁርጭምጭሚቷ። "እስከዚህ ይቀዘቅዛል። ከዚህ በላይ ምንም የለም።"

ይህ ብዙ ይሁን ትንሽ አላወቅኩም። ደስ ይበለኝ ወይስ እስከዚያች መስመር ብቻ በመሆኑ ልዘን፣ የማመሰግነውስ ስለ ሙሉው ነው ስለ ቁራሹ፣ ለራሴም አልለይ አለኝ። የእሷ እግር በረዶ ውስጥ ቆሞ የእኔ ጥርስ ይንገጫገጫል።

"በቃ ውጪ እታለም፣ ይጎዳሻል።"

"ትንሽ ቆይ" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ገና እየቀዘቀዘኝ ነው።"