የኩምሳ ሞክሼዎች

አምቦ ላይ «ኩምሳ» ብለው ቢጣሩ ሦስት ስመ ጥር ሰዎች ዞር ይላሉ፤ ሦስቱም የካቺሲ ልጆች ናቸው። ኦቦ ኩምሳ ዋቆ ያልዘፈነበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ሯጩን ኩምሳ አመዩን ከጊንጪ እስከ ጉደር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ሦስተኛው ዶክተር ኩምሳ ገቢሳ ነው፤ ኮምፒውተር ኦሮምኛና አማርኛ አንብቦ እንዲያገናዝብ በማድረግ ቀዳሚ የሆነ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተነሳ ቁጥር ስሙ የሚጠራ ተመራማሪ።

ሦስቱ በስም አይጠራሩም። ስም የተጋራ ወንድም ነውና «ሞክሼ» ይባባላሉ። ለዶክተሩ ምረቃ ዘፋኙ ሲዘፍን አድሮ፣ «ሞክሼ፣ ስሙ የጋራችን ነው፤ አንተ ስታቆሽሸው የምሸተው እኔ ነኝ» ብሎት ድግሱ በሙሉ ስቆ ነበር።

ዶክተሩ ለአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ፕሮግራም ሠራ። ገበሬው አንዴ በአባቱ፣ አንዴ በአያቱ ስም ስለሚመዘገብ ካርዱ ይጠፋል። ስለዚህ ማሽኑ የአባትን ስም ትቶ በራስ ስምና በትውልድ ቦታ እንዲፈልግ አደረገው። የሌላ ሰው ካርድ ቢወጣ ነርሷ በሽተኛውን አይታ ካርዱን ትመልሳለች፤ በዚያ የተጎዳ የለም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ጊዜ ግን የጸጥታ ሰዎች ተፈላጊ ሊያድኑበት ፕሮግራሙን ጠየቁት። ማንም አላስገደደውም። አሞገሱት፤ ሰጣቸው። የተማረ ሰው ሲያሞግሱት ጆሮው ይደፈናል።

አንድ ማለዳ የዘፋኙ ሚስት ጌጤነሽ ትንሽ ፌስታል ይዛ በሩን አንኳኳች።

«ሞክሼዎችህን ወሰዷቸው» አለችው። «ካቺሲ ላይ መንገድ የዘጋ ኩምሳ የሚባል ጎረምሳ አለ አሉ። የኔን ሽማግሌ ጎረምሳ አደረጉልኝ። ስኳር እንዳለበት ታውቃለህ፤ መርፌውን አናስገባም አሉኝ። አንተን ይሰሙሃል።»

ፌስታሉን ተቀብሎ ወደታሰሩበት ጣቢያ ሄደ። ኃላፊው በአክብሮት ወንበር ሳበለት።

«እኛ ምን እናድርግ ዶክተር? ያወጣቸው የእርስዎ ማሽን ነው።»

«የአባት ስም አያይም እኮ። እናንተ ማጣራት ነበረባችሁ።»

«እርስዎስ የካቺሲ ኩምሳ አይደሉ? ለምን አላወጣዎትም?»

ዶክተሩ መልሱን ያውቃል። ማሽኑን ሲሞክር የራሱ ስም እየመጣ ስላስቸገረው እሱን እንዲዘል አዞት ነበር።

ኃላፊው ወረቀት ገፋለት። «ማሽኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ሰው ያሳስታል ብለው ይፈርሙ። ሁለቱም አሁኑኑ ይፈታሉ።»

ብዕሩን አነሳ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ በዚሁ ማሽን ሊሸለም ነው።

«ስህተቱ የማሽኑ ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው» አለና ብዕሩን አስቀምጦ፣ ለሚያውቀው ባለሥልጣን ሊደውል ወጣ። ባለሥልጣኑ ስብሰባ ላይ ነበር። ከሰዓትም ስብሰባ ላይ ነበር። ይህን ሰው ፈሪ ማለት ፈሪን መስደብ ነው፤ ፈሪ ቢያንስ ለነፍሱ ነው የሚፈራው።

ዘፋኙ በማግስቱ ራሱን እንደሳተ ሞተ። ሯጩን ከአስከሬኑ ጋር ለቀቁት።

ቀብሩ ላይ ዶክተሩ ወደ ሯጩ ተጠጋና፣ «ሞክሼ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ሯጩ እጁን ከጋቢው ውስጥ አላወጣም። «ዶክተር ኩምሳ» አለው፤ እንዲህ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «መርፌው የት ደረሰ?»

ፌስታሉ እንደታሰረ ዶክተሩ ኮት ኪስ ውስጥ ነበር።