ጋሽ ዘነበ የጠመጠመው ትራንስፎርመር

ጋሽ ዘነበ ሰው መናቅ የጀመረው መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ልደታ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ግን አንድ ቀን አርፎ አያውቅም። ሱቃችን በኮምፔንሳቶ ለሁለት የተከፈለ ነው። በዚህ በኩል እኔ ነጅማ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ፤ በዚያ በኩል እሱ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። ዕቃውን ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱን ይዘልፋል። በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፤ ከጀርባው ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ደንበኛው በሱፍቃድ፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ዝግ ያለ ሰው ነው። ለጊታሩ አምፕሊፋየር በገዛ እጁ ሠራ፤ ያውም እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቫልቭ የሚሠራውን ዓይነት። ሣጥኑን ከአሮጌ ቁም ሣጥን እንጨት አበጀው። ትልቁን ትራንስፎርመር ብቻ ጋሽ ዘነበ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ ሠራለት። አንድ ቅዳሜ በሱፍቃድ አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ መጣ።

«ምን ሆነ ደግሞ?» አለ ጋሽ ዘነበ።

«ድምፁን ከፍ ሳደርገው ይጮሃል። ጊታሩን ብነቅለውም አይተውም።»

«ፋይል ደርዳሪ አምፕሊፋየር ሠርቶ ምን ሊያደርግ ኖሯል፣ ይዘፍናል?»

በሱፍቃድ ጣቱን ወደ ሣጥኑ ውስጥ ቀሰረ። «አንድ ነገር አስተውያለሁ፣ ጋሽ ዘነበ። ከስፒከሩ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ይህን ቀጭን ሽቦ ስነቅለው ጩኸቱ ይጠፋል። ከትራንስፎርመሩ ወደ ሁለቱ ትልልቅ ቫልቮች የሚሄዱት ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ይሆን? እርስዎ በነገሩኝ ቀለም ነው የበየድኳቸው፤ ግን…»

«ግን ምን? እኔ ትራንስፎርመር ስጠመጥም አንተ ዳዴ ትል ነበር! ይልቅ ብየዳህን እይ፤ የዶሮ ኩስ! ነጅማ፣ ነይ እስቲ ተመልከቺ!»

ሄጄ አየሁ። ስለ ሙያው አላውቅም፤ ብየዳው ግን የሚያብረቀርቅ፣ ጠብ ጠብ ያላለ ንጹሕ ሥራ ነበር።

«ለእኔ ጥሩ ይመስለኛል» አልኩ።

«አንቺ ሽፋንሽን ሽጪ» አለኝ።

ሰኞ ብየዳውን ሁሉ ነቅሎ እንደገና በየደ። ጮኸ። ማክሰኞ ጥፋቱን በቫልቮቹ አሳበበና ለወጣቸው። ጮኸ። ረቡዕ ደግሞ «የዚህ ሰፈር መብራትስ መብራት ነው?» ብሎ ከእኔ በኩል ገመድ ሳበ። አሁንም ጮኸ። ከልደታ ማርያም የሚመለሱ አንዲት እናት በራፋችን ላይ ቆመው «ምን እያረዳችሁ ነው ልጆቼ?» ብለው ጠየቁኝ። እሱ እያንዳንዷን ጩኸት ተከትሎ በሱፍቃድን ይሰድባል፤ ሰውየው ግን እዚያ የለም። በሱፍቃድ የጠየቀውን፣ ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየርን ግን አንዴ እንኳ አልሞከረም።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት ስመለስ መግባቴን አልሰማም። በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ አየሁት። መብራቱን ነቅሎ፣ ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪወጣ ጠበቀ። ከዚያ ከትራንስፎርመሩ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች ፈታና አንዱን በሌላው ቦታ በየደ። አበራው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው።

ጸጥ አለ። የሩቅ ዝናብ የመሰለ ሹክሹክታ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ዘነበ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። አላህ ያውቃል፣ ትንሽ አዘንኩለት። አሁን ጥፋቱን ያምናል ብዬም ጠበቅኩ።

በሱፍቃድ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ከሥራ በኋላ መጣ።

«ብየዳህ ነበር» አለው ጋሽ ዘነበ፣ ቀና ሳይል። «አራት ቀን ሙሉ ያንተን ጉድ ስለቅም ከረምኩ። ሁለተኛ የማታውቀውን አትንካ።»

ደሜ ፈላ። «ሁለት ሽቦ ነው ያቀያየሩት!» አልኩ ከማዶ። «ቆሜ አይቻለሁ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አለ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

በሱፍቃድ ጎንበስ ብሎ ውስጡን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከደረት ኪሱ ማርከር አወጣና ትራንስፎርመሩ ላይ የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ በጥንቃቄ ጻፈበት።

«ሌላ ሲጠመጥሙ እንዲህ ይጻፉበት፣ ጋሽ ዘነበ። ባለጉዳይ እንዳይጉላላ» አለ። ያልተሟላ ማመልከቻ ሲመልስ የሚናገረው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፦ በትሕትና፣ ዓይን እያየ፣ ምንም ነገር ሳይጠብቅ። ከስድብ ሁሉ ይህኛው እንደሚከብድ ያን ቀን ገባኝ።

ከዚያ ጊታሩን ሰክቶ ጥቂት መታ። ድምፁ የሞላና የሞቀ ነበር። መንገደኛ ሁለት ሦስት ሰው ቆመ። ጋሽ ዘነበ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ የተደረደረውን ዕቃ እንደገና ሲደረድር ቆየ።

ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም፤ እረፍት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ቴፑን ይዞ ሲመጣ «ይህን ማን ደንቆሮ ነው የነካካው?» ሲል ሰማሁት። በዚያው ቀን ሰንጋ ተራ ሌላ ሱቅ ማፈላለግ ጀመርኩ። አሁን አግኝቻለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ። ለእሱ ገና አልነገርኩትም።